የወይዘሪት ንፋስ ቀይ ካባ

ወይዘሪት ንፋስን የሚያውቅ እስቲ እጁን ያውጣ!

አላልኳችሁም? አንድም ሰው። ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጓት የሚመጣላችሁ የአየር ትንበያ ነው፤ ሞክሬዋለሁ እኮ። ሦስት ቀን ሙሉ ፈልጌ ያገኘሁት «ነገ ከባድ ንፋስ ይጠበቃል» ብቻ ነው። በጣም ነው ያናደደኝ!

እሺ፣ እኔ ልንገራችሁ። ካልተናገርኩ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ልነግራችሁ የፈለግኩት ትናንት ቤታችን የሆነውን ነው፤ ግን እሷን ሳታውቁ ትናንት አይገባችሁም። ስለዚህ ታገሱኝ። ስቸኩል እንደምቀባጥር አውቃለሁ።

ወይዘሪት ንፋስ በልጆች ጋዜጣ የጀርባ ገጽ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትወጣ የሥዕል ጀግና ነበረች። ቀን ቀን አውቶቡስ ላይ ትኬት ትቆርጣለች። ሰው ሲበደል ካየች ከመቀመጫዋ ስር ቀይ ካባዋን ታወጣለች፣ አንገቷን እንደ ወፍ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ታዞራለች፣ ከዚያ ሽው! የለችም። ሌባው መንገዱ ጫፍ ሳይደርስ እሷ እዚያ ቆማ ትኬት ትጠይቀዋለች። «ትኬት አለህ?» ትለዋለች። ወይኔ እንዴት እንደምወዳት! ዘጠና አራት እትም ኖረች።

እና ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እሷ ከመምጣቷ በፊት እዚያ ገጽ ላይ የነበሩት ጀግኖች በሙሉ ክንዳቸው ያበጠ ወንዶች ናቸው። ሴት ከተገኘች ገደል ላይ ተንጠልጥላ «አድኑኝ!» የምትለዋ ናት። እኛ ሴቶቹ ልጆች ስንጫወት ሁሌ ተንጠልጣይ ነበርን። የግቢያችን አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ክንዴ እስኪዝል «አድኑኝ» ብያለሁ፤ ወንዶቹ ግን እርስ በርሳቸው መደባደቡ ስለሚጥማቸው ይረሱኛል። ወይዘሪት ንፋስ ማንንም አልጠራችም። ክንዷ ቀጭን ነው። ጫማዋ ጠፍጣፋ ነው። ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠቅልላ ታስረዋለች።

እናቴን ትመስላለች። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁን አስራ ዘጠኝ ሞልቶኛል፣ ትልቅ ሰው ነኝ ማለት ነው፣ አትሳቁ።

እማ የምትሠራው ጋዜጣው የሚታተምበት ማተሚያ ቤት ነበር፤ ከቤታችን መንገዱን ሲሻገሩ፣ ምድር ቤት ውስጥ። ደረጃውን ስትወርዱ የቀለምና የጋዝ ሽታ አፍንጫችሁን ይይዛችኋል። ማሽኑ ሲዞር ወለሉ በጫማችሁ ሶል በኩል ይነዝራችኋል። የእማ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነው፣ መስታወት ነው፣ ከስሩ መብራት አለው። ባለ ቀለም ሥዕል ለመታተም አራት ስስ ፕላስቲክ ይሆናል፤ ፊልም ይሉታል። አንዱ ጥቁሩን፣ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ ቢጫውን፣ አንዱ ሰማያዊውን ይይዛል። የእማ ሥራ አራቱን አንዱን ባንዱ ላይ አንጥፎ በቴፕ ማጣበቅ ነው። እንዲገጥሙላት በየፊልሙ አራቱም ጥግ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ መስቀሎች አሉ። በአራቱም ማዕዘን መስቀሎቹ ተደራርበው አንድ መስቀል ከመሰሉ፣ ገጠመ። በፀጉር ስፋት ከሳቱ ሴትዮዋ አንድ ቦታ፣ ከንፈሯ ሌላ ቦታ ይሆናል።

እማ በፀጉር ስፋት አትስትም ነበር። የማሽኑ ሠራተኛ (እጁ ሁሌ በዘይት ስለሚጨማለቅ «ጋሽ ዘይት» ነው የምንለው) «እናትሽ ለቁንጫ ካልሲ ብታለብስ ይገጥማታል» ይለኝ ነበር።

ሃምሳ ስምንተኛው እትም ሲወጣ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኛ ግቢ ደረጃ ላይ ሰብሰብ ብለን ስናነብ አየሁት። የመጨረሻው ሥዕል ላይ ቀዩ ካባ ከወይዘሪት ንፋስ ትከሻ ወጥቶ አየር ላይ ቆሟል! እሷ እዚህ፣ ካባው እዚያ።

«ወጥቷል!» ብዬ ጮህኩ።

«ምኑ?» አለች ፍንጭቷ። ከፊት ጥርሶቿ መሃል ብዕር የሚያሳልፍ ክፍተት ያላት ጓደኛዬ ናት።

«ቀዩ ነዋ! ነፍሷ ነው! እሷ ሳትደርስ ቀድሟት ይሄዳል! አያችሁ፣ እዚህ ላይ ገና ነው፣ መሃል ላይ ትንሽዬ ወጣ፣ መጨረሻው ላይ ተመልከቱ፣ ግማሽ ጣት! ኃይሏ እየጨመረ ነው!»

ፍንጭቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሁሉም በአንዴ ጋዜጣውን ሲጎትት ሊቀዳድዱት ምንም አልቀራቸውም።

ከነሱ መሃል አንድ ባለ መነጽር ልጅ ነበር፣ ፕሮፌሰር እንለዋለን። «ኃይል ምናምን አይደለም» አለ፣ በዚያ በቀዝቃዛ ድምፁ። «ቀለሙ ስቶ ነው። ያተመው ሰው ተሳስቷል።»

«እናቴ ናት የሠራችው!»

«እንግዲያው እናትሽ ተሳስታለች።»

«እናቴ አትሳሳትም!»

በቦርሳዬ ፊቱን አልኩት። የመነጽሩ እግር ተሰበረ። ዓመቱን ሙሉ በፕላስተር አስሮት ሄደ፤ እኔ ደግሞ ባየሁት ቁጥር የልቤን ሠራሁለት እያልኩ በኩራት አልፈው ነበር።

የመጨረሻው ሥዕል ላይ ለምን እንደሚብስ አሁን አውቃለሁ። እማ በመጀመሪያ የግራውን የላይ መስቀል ታስገጥማለች፣ በቴፕ ትይዘዋለች። ከዚያ ሌሎቹን ጥጎች ስታስተካክል ሁሉንም በአንድ እይታ መቃኘት አለባት። አንዱን እያየች ሌላው ሲንሸራተት ጥግ ጥጉ አይታያትም ነበር። የታችኛው ቀኝ ጥግ ከግራው በጣም ሩቅ ነው። በቃ፣ ይሄ ነው ምሥጢሩ። ከስድስት ወር በፊት ጋሽ ዘይት ነው ጠረጴዛችን ላይ ሁለት ሶፍት አነባብሮ ያሳየኝ።

ያኔ ግን ዝም አልኩ? እኔ! ለጋዜጣው አዘጋጅ ደብዳቤ ጻፍኩ እንጂ። «ውድ አዘጋጅ ሆይ፣ የወይዘሪት ንፋስ ቀዩ ነፍስ ለምን ከሰውነቷ እየወጣ ይሄዳል? ቀጣዩ ሳምንት ላይ ይወጣል? እባክዎ የበለጠ ይውጣ።» ፍንጭቷም ጻፈች። የታች ሰፈር ልጆችም ጻፉ። አዘጋጁ ደብዳቤዬን ከነስሜ አወጣውና ስሩ «ምሥጢር ነው!» ብሎ መለሰልኝ። የሚስለው ሰውዬም (እርሳስ ጆሮው ላይ ስለሚሰካ «እርሳሱ» ይሉታል) ነገሩ ደስ ብሎት «ቀዩ ወጣ!» የሚል ጽሑፍ ሥዕሉ ላይ ያስገባ ጀመር። ወይዘሪት ንፋስ ካባዋን ከግድግዳ ጀርባ እየላከች ማየት ጀመረች። ሽያጩ ጨመረ። ማተሚያ ቤት ውስጥ «የሷን ገጽ አታስተካክሉት፣ እንደሳተ ይውጣ» ተባለ።

ገባችሁ? ከዚያን ቀን ጀምሮ የእማ ስህተት የሚባል ነገር ጠፋ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሁሉም ያየው ነበር፣ ግን ማንም አላየውም።

ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እማ ሻይ ስትቀዳ ከስኒው አጠገብ ትቀዳለች። «ውይ፣ ደክሞኝ ነው» ትላለች። ትከሻዋ ላይ ትልቅ ሰማያዊ ሰንበር አየሁ። «በሩ ነው» አለችኝ። ያው በር ነው እኮ፣ አስር ዓመት የገባችበት በር! የታች ቤቷ ጎረቤታችን ደረጃ ላይ ይዛኝ፣ «እናትሽ ዘንድሮ ሰላምታም አቆመች? አጠገቧ ቆሜ ጥላኝ አለፈች። ምን አግኝታ ነው የኮራችብን?» አለችኝ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ አንገቷ! መንገድ ለመሻገር ስትል አንገቷን እንደ ወፍ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ።

አንድ ቀን እጇን ይዤ ስንሻገር ቀና ብዬ አየኋትና በቃ፣ ሁሉም ነገር ገባኝ። ትከሻዋ የቆሰለው በድብድብ ነው። ሰው ሰላም የማትለው ማንነቷ እንዳይታወቅ ነው። እናቴ ወይዘሪት ንፋስ ናት።

ልንገራችሁ፣ በዓለም ላይ እንደዚያ ዓይነት ደስታ የለም። እጇን ጭምቅ አደረግኳት። «ምነው?» አለች። «ምንም» አልኩ፣ ሳቄን እየዋጥኩ።

እርሳሱን ግን በኋላ ጋሽ ዘይት ጠይቆልኛል። ሰውዬው እናቴን አንድም ቀን ልብ ብሎ አይቷት አያውቅም። ወይዘሪት ንፋስን የሳላት ከሳሙና ማስታወቂያ ገልብጦ ነው።

እሑድ ከሰዓት ጋሽ ዘይት ቤት መጣ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ስለነበር መጀመሪያ አላወቅኩትም። እኔ ውጪ የወጣሁ መስሏቸዋል፤ እኔ ግን ከመጋረጃው ጀርባ፣ ያልታጠፈ ልብስ ክምር ላይ ተኝቼ ጋዜጣዬን እያነበብኩ ነው።

«ንገሪያቸው እህቴ» አለ። «ሳይደርሱብሽ አንቺው ንገሪያቸው።»

«ነግሬያቸውስ? በማግስቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።»

«እስከ መቼ ትደብቂዋለሽ ታዲያ? ሌላውን ሥራ እኔ ማሽኑ ላይ ቀለሞቹን እየሳብኩ፣ እየገፋሁ እሸፍንልሻለሁ። እኔ የሌለሁ ቀንስ?»

«አንተ ደግሞ መቼ ቀርተህ ታውቃለህ!»

«ሂጂና ታከሚ አልኩሽ እኮ። ስንቴ ልበልሽ?»

«ለሐኪሙ ከሥራ ፈቃድ ስጠይቅ ምን ሆነሽ ነው አይሉኝም?»

ጋሽ ዘይት ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጅቷ ታውቃለች?»

«ምንም አታውቅም። እንድታውቅም አልፈልግም።»

እኔ መጋረጃውን በጥርሴ ነክሼ ይዣለሁ፣ በደስታ እንዳልጮህ! ጋሽ ዘይትም ያውቃል! መታከም ያለባት ለትከሻዋ ነው፣ የተመታችበት! እና እኔ እንደማላውቅ ነው የምታስበው፣ ምስኪን እማዬ!

«ሌላ መላ አለኝ» አለች እማ፣ ቀስ ብላ።

መላው እኔ ነበርኩ።

ሐሙስ፣ የምሳ ሰዓት ላይ፣ የተጣበቁትን ፊልሞች በካርቶን ይዛ ቤት መጣች። መስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፈቻቸው፣ የቀኑ ብርሃን ከጀርባቸው እንዲመጣ። ወይዘሪት ንፋስ መስኮታችን ላይ ቆመች፤ ሰማዩ በሷ ውስጥ ያልፋል። እንዴት ያምር እንደነበር!

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ» አለችኝ። «እነዚህ ትንንሽ መስቀሎች ይታዩሻል? አንቺ ልጅ ነሽ፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው። በየጥጉ አንድ መስቀል ነው ወይስ የተደራረበ? በደንብ እይልኝ።»

አየሁ። የላይ ግራው አንድ ነው። የላይ ቀኙ አንድ ነው ማለት ይቻላል። የታች ግራው ትንሽ ወፍሯል። የታች ቀኙ ግን መስቀል መሆኑ ቀርቶ ኮከብ ሆኗል።

እና እንዲህ ብዬ አሰብኩ። እማ ምሥጢሯን በአፏ ልትነግረኝ አትችልም። ስለዚህ እየፈተነችኝ ነው። «የተደራረበ ነው» ካልኩ ለማስተካከል ትገደዳለች፣ ቀዩም አይወጣም፣ ኃይሏም ይሞታል። «አንድ ነው» ካልኩ ግን ምሥጢሯን እንደያዝኩላት ታውቃለች።

«አንድ ናቸው እማ» አልኳት። «ሁሉም።»

ዓይኔንም ጠቀስኳት። በደንብ አድርጌ፣ ፊቴ እስኪጨማደድ። አልጠቀሰችኝም። «ጎበዝ» አለችኝና ፊልሞቹን ጠቅልላ ወጣች። እኔ ደግሞ «እንዴት ያለች ጠንቃቃ ጀግና ናት!» ብዬ ተገረምኩ።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ እንዲሁ ሆነ። አንዳንዴ የወይዘሪት ንፋስ ገጽ፣ አንዳንዴ የብስኩት ካርቶን፣ አንዳንዴ የሠርግ ጥሪ። አንድ ናቸው እማ። አንድ ናቸው። የብስኩቱን ካርቶን ጋሽ ዘይት ማሽኑ ላይ እየጎተተ ያስተካክለዋል፣ የወይዘሪት ንፋስን እንደሳተ ይተወዋል። እማም ያለ ኮሽታ ቀጠለች፤ ልጇ ታይላታለች እኮ፣ ምን ሐኪም ያስፈልጋታል?

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልናገር። «ልጅ ነበርሽ፣ ምን ታውቂያለሽ» የምትሉኝ አላችሁ፣ ፍንጭቷም ትለኛለች። ግን አውቅ ነበር። ሙሉ በሙሉ አይደለም፣ የትንሿ ጣቴን ያህል አውቅ ነበር። የፕሮፌሰር ድምፅ አንዳንዴ ይመጣብኛል። «እናትሽ ተሳስታለች።» እሱ እውነት ከሆነ እናቴ ወይዘሪት ንፋስ አይደለችም፣ ሻይ የምታፈስ የደከማት ሴትዮ ናት። የትኛውን ትመርጣላችሁ? እኔም ወይዘሪት ንፋስን መረጥኩ።

የካርታው ሳምንት መጣ።

ለትምህርት ቤቶች የሚከፋፈል፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ የዓለም ካርታ ነበር። ማተሚያ ቤቱ እንደዚያ ያለ ሥራ አግኝቶ አያውቅም። በዚያው ሳምንት ጋሽ ዘይት ሳንባውን አሞት ተኛ፤ ማሽኑ ላይ የቆመው ከሌላ ቦታ የመጣ፣ የሰጡትን ብቻ የሚያትም ሰው ነው። እማ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። ፊልሙ መስኮቱን ሙሉ ስለሸፈነው ቤቱ ጨለም አለ። እጇ ያልባት ነበር፤ ቀሚሷ ላይ ስትጠርገው አየኋት።

«ዛሬ በጣም በደንብ እይልኝ እሺ?» አለች። «ቀስ ብለሽ። ከአንቺ ሌላ የሚያየው ሰው የለም።»

ተንበርክኬ የታች ቀኙን ጥግ አየሁ። ኮከቡ ከመቼውም ይበልጣል። አበባ መሰለ። ጉልበቴ ስር ወለሉ ቀዝቅዟል። ዞሬ አየኋት። ቆማለች፣ አንገቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞረች፣ እኔን እየፈለገች።

«አንድ ናቸው እማ።»

ጎንበስ ብላ ግንባሬን ልትስመኝ ስትል ጆሮዬን ሳመችኝ።

ካርታው ትምህርት ቤታችን የደረሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። መምህራችን ጥቅሉን በፈገግታ ፈትታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሰቀለችው፣ ወደ ኋላ ራቅ ብላ አየችው፣ ፈገግታዋ ጠፋ። ባሕሩ ከተማዎቹ ላይ ወጥቷል። ወንዞቹ ከሸለቆዋቸው ወጥተው ተራራ ለተራራ ይሄዳሉ። ቀዩ የድንበር መስመር እያንዳንዱን አገር ለጎረቤቱ ቆርሶ ሰጥቶታል። በግራ በኩል ያሉት ደህና ናቸው ማለት ይቻላል፤ ወደ ቀኝ እየሄዳችሁ፣ ወደ ታች እየወረዳችሁ ስትመጡ ዓለም ይለያያል።

«እንዴ!» አለች መምህራችን። «ይሄን የሠራው ሰው ዓይን የለውም እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ልጅ ተነስቶ ባሕር ውስጥ እንደሚሰምጥ ሰው «አድኑኝ! አድኑኝ!» ማለት ጀመረ። እኔ የታች ቀኙን ጥግ እያየሁ ነው። ወረቀቱን ሲቆርጡ ኮከቡን ቆርጠውታል፣ ግን የት እንደነበር አውቃለሁ።

ፕሮፌሰር ዞሮ አየኝ፣ በዚያ በፕላስተር በታሰረ መነጽሩ። እንዲናገር ፈልጌ ነበር። «እናቷ ናት የሠራችው» እንዲል፣ እኔም ቦርሳዬን አንስቼ ፊቱን እንድለው። እሱ ግን ቀስ ብሎ ወደ ደብተሩ ዞረ። አዘነልኝ፣ ይታያችኋል? ከዚያ ሁሉ ያን አልረሳውም።

በእረፍት ሰዓት ወደ ቤት ሮጥኩ። እማ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ዛሬ ቀደም ብዬ ወጣሁ» አለች። ቀጥላም፣ «ቴፑ ነው። ከዚህ ስመልሰው መንገድ ላይ ላልቶ ተንሸራቶ ነው። አንቺ ስታይው ልክ ነበር አይደል? ልጄ አይታልኛለች፣ ልክ ነበር አልኳቸው። አላመኑኝም።»

አፌን ከፈትኩ። እና የወጣው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?

«ለምን ማን እንደሆንሽ አትነግሪያቸውም?»

«ማን ነኝ?»

«ወይዘሪት ንፋስ ነሽ!» እያለቀስኩ ነው። «አውቃለሁ እኮ እማ፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ እምልልሻለሁ! አሁን ብረሪና አሳዪያቸው!»

እማ ሳቀች። ሳቋ ቶሎ አላቆመም። «ወይኔ ልጄን» አለች፣ እያየችኝ ሳቀች። ማለቴ፣ ከአጠገቤ ያለውን ግድግዳ እያየች።

ሐኪም ቤት የሄድነው ጋሽ ዘይት ከአልጋው ሲነሳ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ብዕሯን ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች። የእማ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ነው አለች። ከዳር ዳር እየበላ ይመጣል፤ መሃሉ ስለሚቀር ሰው ቶሎ አያውቀውም። የሄደው አይመለስም። «ከአምስት ወር በፊት ብትመጡ ኖሮ» አለች፣ ብዕሯን ጠቅ እያደረገች፣ «በዚህ ጠብታ እዚያው ላይ እናቆመው ነበር።»

እኔ ወንበሩ ላይ እግሬን እያወዛወዝኩ አምስት ወር ስንት ሐሙስ እንዳለው በልቤ መቁጠር ጀመርኩ። አሁንም አንዳንዴ እቆጥረዋለሁ።

የወይዘሪት ንፋስን ታሪክ ልጨርስላችሁ። እማ ከሥራ ከወጣች በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ሌላ ሰው ተቀመጠ፤ ሥራውን የሚችል ሰው። ቀዩ ካባ ወይዘሪት ንፋስ ትከሻ ላይ ተመለሰ፣ ጫፉ ሳይዛነፍ። እርሳሱ «ቀዩ ወጣ!» እያለ ይጽፋል፣ ቀዩ ግን ወዴትም አልሄደም። ልጆች «ለምን አይወጣም?» ብለው ጻፉ። ምን ይመልሱ? ሲፈልጉት የሚመጣ አልነበረም። እኔ መግዛቱን ተውኩት። በዘጠና አራተኛው ላይ ገጹ ተዘጋ። ያለ ስንብት። የመጨረሻው ሥዕል ላይ አውቶቡስ በር ላይ ቆማ ወደ እኛ ታያለች፣ በቃ።

አሁን ትናንት። ትናንት ጋሽ ዘይት መጣ። አርጅቷል፣ ደረጃውን ሦስት ጊዜ አርፎ ነው የወጣው። ማተሚያ ቤቱ ሊፈርስ ስለሆነ መጋዘኑን ሲያጸዳ ያገኘውን ካርቶን ይዞልን መጥቷል። ዘጠና አራቱም! አንድም ሳይጎድል! ጮህኩኝ፣ አቀፍኩት፣ ዘይት የለበትም ዘንድሮ። ወለሉ ላይ በተራ ደረደርኳቸው፣ እንደ ዕብድ እየዘለልኩ። «እማ ይቺን ታስታውሺያለሽ? ድልድዩ ላይ ያለችውን? እማ ይቺስ?» ጋሽ ዘይት ሻዩን ጠጥቶ፣ ስንብት ላይ የእማን እጅ ትንሽ ይዞ ቆይቶ ሄደ።

እማ አሁን የሚታያት ብርሃንና ጨለማ ነው፤ እሱም መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ያህል። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የወረቀቱን ድምፅ ስታዳምጥ ቆየች።

«የመጨረሻዋን አውጪልኝ እስቲ» አለች። «እኔ ከወጣሁ በኋላ የተሠራችዋን።»

አወጣሁላትና ጭኗ ላይ አደረግኩት።

«ቀዩ ቦታው ላይ ነው?»

አየሁት። ቦታው ላይ ነው። እንዴት ያለ ቦታው ላይ! ትከሻዋን ይዞ፣ ክንዷን ተከትሎ፣ ከጥቁሩ መስመር አንዲት ነጥብ ሳያልፍ። እማ ፊቷን ወደ ድምፄ አቅጣጫ አድርጋ እየጠበቀች ነው፣ አንገቷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ።

«ወጥቷል» አልኳት።

«ወጥቷል?»

«በጣም ወጥቷል እማ።»

«የትኛው ጥግ ላይ?»

«የታች ቀኙ።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ደግሞ ፈገግታዋ ወደ ሐዘኔታ ተለወጠ፣ ለሥራ ባልደረባ እንደሚታዘነው። «እሱ ጥግ ያስቸግራል» አለች። «ምስኪን፣ ማን እንደነበር እንጃ። የሚያይለት ሰው አልነበረውም ይሆናል። እኔስ አንቺ ነበርሽልኝ።»

አሁን ንገሪያት አልኩ ለራሴ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ቴፑ ነው ስትል ሰምተሻታል፤ ለጎረቤት፣ ለሐኪም፣ ለታክሲ ሹፌር ሳይቀር። አሁን ንገሪያት። አፌን ከፈትኩ። እኔ እኮ አፌ የማይዘጋ፣ ለማንም ለምንም የምቀባጥር ልጅ ነኝ፣ ይኸው ለእናንተ እንኳን ሁሉንም ዘረገፍኩት። ለሷ አንድ ቃል አልወጣኝም።

እማ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና ቀስ እያለች ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ ወሰደችው። አውቶቡሱን አለፈች፣ ወይዘሪት ንፋስን አለፈች፣ ምንም ያልታተመበት ነጩ ዳር ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማ» አልኳት። «እዚያው ላይ ነው።»